ወንድሜን የገደለው ቲያትር

ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ አልከራከርም። ሞቶም ይሆናል። የምከራከረው ስለ አሟሟቱ ነው። አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራውን አሟሟት የፈጠረው አዳማ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚያማስል አንድ ሰውዬ ነው። ሲፈጥረው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ያልጣመው ሰው አስቀምጦት ይሂድ፤ አልቀየመውም።

እውነተኛው ታሪክ በጣም አጭር ነው። ያደግነው ወንጂ፣ አገዳ ቆራጮች በሚኖሩበት ካምፕ ነው። አባታችን ከከምባታ መጥቶ አገዳ ሲቆርጥ ኖሮ እዚያው ሞተ፤ ገጀራውን ታላቅ ወንድሜ ወረሰ። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ማሳው ይቃጠላል። በአንድ የቃጠሎ ሰሞን ጠዋት ወንድሜ ገጀራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በቦዩ ዳር ሄደ። ማታ አልገባም። በማግስቱም አልገባም። ይኸው ነው። ማሳው ተፈተሸ፣ ቦዩ ተፈተሸ፣ ምንም የለም። አንዱ ለውትድርና ታፍሶ ነው አለ፤ አንዱ በባቡር ጅቡቲ ገብቷል አለ፤ አንዷ ደግሞ መተሐራ ሚስት አግብቶ በዓይኔ አየሁት ብላ ማለች። ሬሳ የለም፤ ፎቶግራፍ እንኳ የለም። የቀረን ያን ቀን ሳይለብሰው የወጣው ቡናማ ኮት ብቻ ነበር።

እናቴ አላለቀሰችም። ሞተ ያላት የለ፣ ለምን ታለቅሳለች? በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ማለዳ መርዶ ነጋሪ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። መርዶ ያልመጣለት ሰው እርሙ አይወጣም፤ እርሙ ያልወጣለት ሰው ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። ሰው አምልጦት «ነፍሱን ይማረውና» ካለ ከቤቷ ታስወጣው ነበር። እኔ አዳማ ገብቼ፣ የብረት በርና መስኮት መበየድ ለምጄ ቤት ስከራይ፣ ልውሰድሽ ብዬ ለመንኳት። የካምፑ ቤት ግድግዳው ተንጋዷል፣ ጣሪያው ያፈሳል።

«መጥቶ ሲያጣኝስ?» አለችኝ።

«ጎረቤት ይነግረዋል።»

«ጎረቤት ይሞታል።»

«አንቺስ አትሞቺም?»

«እሱ ሳይመጣ? ማን ፈቅዶልኝ!»

ቀልድ አልነበረም።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። አዳማ ውስጥ ከሥራ በኋላ ጎልማሶችን የሚያስተምሩበት ክፍል ነበር። መምህርቷ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አንድ ቀን «በሕይወታችሁ የሆነ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ እጽፍላችሁና እሱኑ እናነባለን» አለች። ከሁሩታ የመጣች ሴትዮ ስለጠፋችባት ላም ተናገረች። እኔ ስለ ወንድሜ ተናገርኩ። መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ «ወንድሜ አገዳ ቆራጭ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወጣ። አልተመለሰም።»

በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር ይህ ነው። ጣቴን እያስከተልኩ፣ እንደ ሕፃን እየተንተባተብኩ። ስጨርስ ላቤ ወርዶ ነበር። የተጻፈ ነገር ከዚያ በኋላ የማይለወጥ መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው ሲጠፋ ግን ታሪኩ አልጠፋም፤ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ሄደ።

መምህርቷ የምታውቀው ደራሲ ነበር፤ ያ ማኪያቶ የሚያማስለው ሰውዬ ነው። የቲያትር ክበብ አዘጋጅም ነው። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ልቦለድ አደረገውና በክበቡ መጽሔት አወጣው። ቅጂው ሲሰጠኝ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ታሪኩ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል።

«በአገዳ ቃጠሎ ወራት ወንጂ ዝናብ የለም» አልኩት። «ቢዘንብ ማን ያቃጥለዋል?»

«ጋሼ፣ ዝናቡ እኮ ስሜት ነው» አለኝ።

«ስሜት ያረጥባል እንዴ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ከፋኝ ብል እዋሻለሁ። የወንድሜ ነገር በማተሚያ ቤት ቀለም ተጽፎ ሳይ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ወደ ቲያትር ላዞረው ነው አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረው።

«መድረክ ላይ ‘አልተመለሰም’ የሚባል ነገር አይሠራም» አለኝ። «ተመልካቹ ምን ሆነ? ብሎ ይጠይቃል።»

«እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።»

«ለዚህ እኮ ነው መልስ የምንሰጠው።»

«መልሱን ታውቀዋለህ?»

«እንፈጥረዋለን!»

ፈጠሩት። ወንድሜ በሚነድ ማሳ ውስጥ እንዲሞት አደረጉት። ወንድሜን የሚሠራው ልጅ ድምፁ ለዘፈን ስለማይሆን፣ በዘፈን ፈንታ እንዲያፏጭ አደረጉት። እያፏጨ ይመጣል፣ እያፏጨ እሳቱ ውስጥ ይገባል። ወንድሜ አያፏጭም ነበር። ይህን ደጋግሜ እጽፋለሁ፣ ወንድሜ አያፏጭም ነበር።

ኮቱን የጠየቁት እናቴን ነው። አዘጋጁ ወንጂ ድረስ ሄዶ፣ «እናቴ፣ እውነተኛ ልብሱ መድረክ ላይ ቢታይ ደስ ይለናል፤ ሕዝብ ይየው» አላት። እሷ ቲያትር አይታ አታውቅም። የምታውቀው በራዲዮ የሚነገረውን የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ነው፤ የጠፋው ልጅ መልክ፣ የለበሰው ልብስ፣ ያያችሁ ንገሩን። ሕዝብ ይየው ሲላት ያ መሰላት። አዳራሽ ሙሉ ሰው ኮቱን አይቶ፣ ከመሃል አንዱ ተነሥቶ «ይህን ልብስ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱ እዚህ አገር ነው ያለው» እንዲል ነው የሰጠቻቸው። ቀን ጠብቃ ታሰጣው የነበረውን ኮት አጥፋ ሰጠቻቸው። ለእኔ የነገረችኝ ከሄዱ በኋላ ነው። «እየፈለጉልኝ ነው» አለችኝ። ፍለጋ አይደለም፣ ጨዋታ ነው ብያታለሁ። «እስቲ አንተ ስትፈልግ የት ደረስክ?» አለችኝ።

ቲያትሩ አዳማ አዳራሽ ሲታይ ሄጄ አየሁት። በቀይ መብራትና በደረቅ የአገዳ ቅጠል እሳት ሠርተዋል። ያ ልጅ የወንድሜን ኮት ለብሶ ጀርባውን ሲያዞር ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ፤ የኮቱ ትከሻ የወንድሜን ትከሻ ቅርጽ እንደያዘ ነበር። ሰው ተላቀሰ። አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔ ልጅነቴ ወንጂ ነው። ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። በቦዩ ሲያልፍ ፉጨቱን እንሰማው ነበር» አለችኝ።

«አያፏጭም ነበር» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» አለችኝ ተቆጥታ።

ከዚያ በራዲዮ ድራማ ሆኖ መጣ። በራዲዮ እሳት አይታይ፤ ስለዚህ ፉጨቱን አበዙት። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ «እሱ አፏጨ፤ እሳቱ መለሰለት» ይላል። ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ መዶሻ እያቀበሉ «እሱ አፏጨ!» ይባባላሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ የስልኩ ጥሪ አደረገው። የእኔ ታሪክ መሆኑን የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ብረት እየሞረድኩ፣ ወንድሜ አሳ ሊያሳየኝ ወደ ቦዩ የወሰደኝ ቀን ትዝ አለኝ። ትንሽ ነኝ፤ እጄን ይዞኛል። ያፏጫል። መሞረዴን አቆምኩ። ፉጨቱን ከዚያ ትዝታ ላወጣ ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ከቤት አስነሣሁት፣ በቦዩ አስኬድኩት፤ ያፏጫል። ሌላ ቀን አመጣሁ፣ አባቴን የቀበርንበትን። እዚያም፣ ከሬሳው ኋላ፣ ቀስ ብሎ ያፏጫል። ዝም ያለበት አንድም ቀን አጣሁ። ያን ዕለት ሥራ ትቼ ገባሁ።

አሁን ወደ ኮቱ። በመጨረሻው ትርኢት አዘጋጁ ነገሩ እውነት ይምሰል ብሎ በቆርቆሮ ውስጥ እውነተኛ እሳት አስነደደ። የኮቱ ቀኝ እጅጌ ተያዘ፤ እስከ ክርኑ ነደደ። ልጁ አልተጎዳም። ግን የአንዲት እናት አደራ ነው፤ አፈሩ። ያፈረ ሰው በእኛ አገር ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ይሄዳል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ እንዲያማልዷቸው ለመኑ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደረቡ። አዘጋጁ ጠዋት የሚያስተምረው ክፍል ስለነበረው ገና ሰማዩ ሳይጠራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጡ፤ ሽማግሌው፣ አዘጋጁ፣ መምህርቷና ያ ተዋናይ። ለብርዱ መምህርቷ ነጠላዋን አጣፍታለች።

የሆነውን የነገረችኝ መምህርቷ ናት። እናቴ በሩን ከፈተች። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ቆሙ። አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሽማግሌው ኮቱን አጥፈው በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ የተቃጠለው እጅጌ ከላይ ነው። እናቴ ኮቱን አየች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እመቤቴ፣ የመጣን ነገር መቻል ነው እንግዲህ፤ የሰው ልጅ...» ብለው ጀመሩ። ይቅርታም መርዶም የሚጀመረው በዚሁ ቃል ነው። አልጨረሱትም። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀመችውን ጩኸት ለቀቀችው።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ገባ። መምህርቷ «አይደለም! አይደለም!» ብላ ጮኻለች፤ መርዶ የሰማ ሁሉ «አይደለም» ብሎ ነው የሚጮኸው፤ ማን ይሰማታል? እናቴን ደረቷን እንዳትመታ ያዟት። የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ።

እኔ በስልክ ተጠርቼ ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ያን ቀን በአጋጣሚ ማሳ እየተቃጠለ ነበር። ጥቁሩ የአገዳ ጥላሸት ከሰማይ ቀስ እያለ እየወረደ በሴቶቹ ነጠላ ላይ ያርፋል፤ ማንም አያራግፈውም። የእድሩን ሊቀመንበር ወደ ጎን ሳብኩት።

«ጋሼ፣ ማንም አልሞተም። ይሄ ቲያትር ነው!»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል። ሐዘን ስንቱን ሲያስለፈልፍ አይተናል።»

«ኮቱ የተቃጠለው አዳራሽ ውስጥ ነው!»

«ኮቱ ይኸው። እናት ይቻት። ጭሱም ያውልህ» አለኝ በአገጩ እያሳየኝ። «አዳራሹ የታለ?»

ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሜ ጋር አገዳ የቆረጡ አንድ የአርሲ ሰው ነበሩ፤ አርጅተዋል፤ ፊደል አይቆጥሩም፤ ወረቀት በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ለተቀመጠው ሰው ይናገራሉ።

«ዹጉማ! እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ ያየሁት። እያፏጨ ገባ። ተመለስ ብለው፣ እጁን ብቻ አነሣልኝ። ያኔ ዝናቡ ጀመረ። ወፍራም ወፍራም ጠብታ፣ እሳቱ ላይ ሲወድቅ ችስ ይላል። ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ ያተርፈው ነበር።»

ዝናቡ ቲያትሩ ውስጥ የለም። ራዲዮውም ላይ የለም። ዝናቡ ያለው በዚያች ሁለት ገጽ ልቦለድ ላይ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ዝናቡን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ምን ማን ይነግረኛል? ራሴ በስብሼ የለም እንዴ!» አሉኝ። ሲዋሹ አልነበረም። ዓይናቸው እንባ ያዘለ ነበር። እኔ ግን የእኚህን የአርሲ ሰው ኮት ትከሻ እያየሁ፣ እርጥብ እንዳይሆን ፈራሁ።

ተዋናዩ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሴቶቹ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ መርዶ ይዞ የመጣ የሟች ወዳጅ መስሏቸው ጉልበቱን እየያዙ ያለቅሱበታል። ስለ ራሱ አሟሟት እየሰማ እሱም ያለቅሳል።

«ጋሼ፣ ልሂድ? ይፈቀድልኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሬሳ ከድንኳን በራሱ አይሄድም» አልኩት። ክፉ ነበርኩ። ይገባው ነበር።

እናቴ ጓዳ ፍራሽ ላይ ናት። ሴቶቹን አስወጥቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ ልቦለዱን፣ ቆርቆሮውን፣ የሽማግሌውን ይቅርታ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«እነሱ ያውቃሉ።»

«ፈጥረውት ነው እኮ የምልሽ!»

«ይፍጠሩት» አለች። «አንተ ምን ፈጠርክልኝ?»

ድምፅዋ ሰክኗል፤ ያን ያህል የሰከነ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

የሟች የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በቀብር ቀን ነው፤ ቀብር ስለሌለ በሳልስቱ ይነበብ ተባለ። ሊቀመንበሩ «ቤተሰቡ ውስጥ የተማረው አንተ ነህ፤ ጻፍ» አለኝ። የተማረው! ከቤቱ ኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ልጽፍ ቆርጬ ነበር። ፉጨት የለም፣ ዝናብ የለም፣ እሳት የለም። የት እንደተወለደ፣ አባቱ ማን እንደነበረ፣ አገዳ እንዴት እንደሚቆርጥ፣ ከዚያ መውጣቱን፣ ከዚያም አለመመለሱን። ስጨርስ ደስ አለኝ። ወንድሜን ያስመለስኩ መሰለኝ።

ድንኳኑ መሃል ቆሜ አነበብኩ። ፊደል የምለቅም ስለሆንኩ በየቃሉ አርፋለሁ። «አንድ ቀን ጠዋት... ገጀራውን ይዞ... ወጣ» አልኩና ትንፋሽ ወሰድኩ። የሚቀጥለውን ቃል በጣቴ እየፈለግኩ ሳለ፣ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ «እሱ አፏጨ» አለ። ከወንዶቹም ተቀበሉት። ድንኳኑ በሙሉ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሎት፣ «እሳቱ መለሰለት» አለ። ወረቀቴ ላይ ያለውን ቃል አየሁት፤ አለ፤ ግን ሳነበው ማንም አልሰማውም። እኔም ድምፄ አልተሰማኝም።

ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። ስሙን ከሰጠች ወንድሜ አለቀለት፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ጎንበስ ብላ በጆሮአቸው ነገረቻቸው። ቄሱ ከፍ አድርገው ጠሩት። ያን ስም ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ክረምቱ ሳይገባ አዳማ እኔ ዘንድ መጣች። እንቅልፍ ትተኛለች። ምግብ ትበላለች። ለጎረቤት ሴቶች ታሪኩን ራሷ ትነግራለች፤ ፉጨቱንም ዝናቡንም፤ በቅርቡ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ሆኖ ስሟን እንደጠራ ጨምራለች። ወንጂን አታነሣም።

የሄድኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ውስጥ አዲስ ሰዎች ገብተዋል፣ ከወላይታ የመጣ ቆራጭና ሚስቱ። ባልየው ሥራ ላይ ነበር። ለሴትየዋ ምን እንደምላት ሳላውቅ፣ «አንድ ሰው ምናልባት ቢመጣ፣ እናትህ አዳማ ናት በይው» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰው?»

ነገርኳት። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት፣ ሲቆም ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል። ሴትየዋ ልብስ ማጠቧን አቆመች።

«እሱማ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ቀን ላይ ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ። በሩ ጋ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ማንን ነው? ስለው ምንም ሳይለኝ በቦዩ ዳር ሄደ።»

ከሷ ተሰናብቼ መንገዱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። ጥርሱ ፍንጭት የሆነው ተዋናዩ ነው። የሚያዘነብለው እሱ ነው። የነገርኳት የእሱን መልክ ነው፤ የወንድሜን መልክ ልነግራት ብፈልግ የት አገኘዋለሁ? ተዋናዩን ፈልጌ ጠየቅኩት። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ወንጂን አልረገጥኩም ብሎ ማለልኝ። ሊዋሽም ይችላል፤ ሥራው ነው። እውነቱን ከሆነ ደግሞ የመጣው ማን እንደሆነ ማወቂያ የለኝም፤ ሴትየዋን ስጠይቃት ስለ ትክክለኛው ሰው አልጠየቅኳትም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እርሟን አውጥታለች። አሁን ይህን ስጽፍ ከወዲያ ክፍል ሆና «ምንድን ነው እንዲህ ዝም ብለህ የምትጭረው?» አለችኝ።

«የበር ልክ ነው» አልኳት።

«ለማን?»

«ገና አልታወቀም።»